የሞተር ንድፈ ሐሳብ፦ በየትኛው መጽሐፍ ልጀምር? ሶፍትዌሩስ መቼ ይምጣ?

ለዚህ እትም የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ሁሉም በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። የጻፉልኝ ሰዎች የቤንዚንና የናፍጣ ሞተር ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ከነምክንያቱ ማወቅ ይፈልጋሉ። መጽሐፉ ግን ብዙ ነው፣ ሶፍትዌሩም ብዙ ነው። ሞተር መፈተሻ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አሁን ደግሞ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ጉዳዩ ልቤ ያለበት ነው። አንዳንዱን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሞተር ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) አውርጄ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀይሬ፣ ቫልቭ አስተካክዬ መግጠም አያቅተኝም። «ለምን እንዲህ ሆነ?» የሚል ሰው ሲመጣ ግን መልስ ያጥረኛል። ሒሳብ የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው። የሄይዉድን መጽሐፍ አንብብ ተብዬ ነበር፤ ከፍቼ ሳየው አስፈራኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጽሐፉ ቢያስፈራዎት አይገርምም። የጆን ሄይዉድ «ኢንተርናል ኮምበስሽን ኢንጂን ፈንዳሜንታልስ» መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን ከ900 ገጽ በላይ ነው። በ2018 ሁለተኛው እትም ወጥቷል። በጣም የምወደው መጽሐፍ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በተራ እንዲነበብ ግን ለማንም አልመክርም። ምዕራፍ 3 እና 4 ወደ ነዳጅና አየር ኬሚስትሪ፣ ወደ ጋዞች ባሕርይ ይገባሉ። ብዙ ሰው እዚያ ሲደርስ መጽሐፉን ዘግቶ ያስቀምጠዋል፤ በኋላም አይመለስበትም። በዚያ የተነሳ «ንድፈ ሐሳብ ለእኔ አይሆንም» ያሉ ጎበዝ ሰዎች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል።

ለእርስዎ የምመርጠው የዊላርድ ፑልክራቤክን መጽሐፍ ነው። ርዕሱ «ኢንጂነሪንግ ፈንዳሜንታልስ ኦፍ ዘ ኢንተርናል ኮምበስሽን ኢንጂን» ይላል፤ የመጀመሪያው እትም የ1997 ነው። እንግሊዝኛው ቀላል ነው። በቁጥር የተሠሩ ምሳሌዎች አሉት። ምዕራፍ 2ን ቀስ ብለው ይያዙት። እዚያ ያለው ሒሳብ በአብዛኛው ማባዛትና ማካፈል፣ ትንሽም ትሪጎኖሜትሪ ነው። ይህን ምዕራፍ በደንብ የጨረሰ ሰው ሞተርን የሚያይበት ዓይን ይቀየራል።

ለምሳሌ ሁለት ሞተሮች አሉ እንበል። አንዱ 2.0 ሊትር ነው፣ 160 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ይሰጣል። ሌላው 1.3 ሊትር ነው፣ 105 ይሰጣል። የትኛው ነው የተሻለ የተሠራው? ለባለ አራት ስትሮክ ሞተር (በፒስተኑ አራት ጉዞ አንድ ዑደት ለሚጨርስ) ቶርኩን በ12.57 ያባዙ፣ በሊትር ለተለካው የሞተር ይዘት ያካፍሉ፣ ያንን እንደገና ለ100 ያካፍሉ። የሚያገኙት አማካይ ውጤታማ ግፊት የሚባለውን ነው፤ መለኪያው ባር ነው። ለሁለቱም 10 ባር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱም ሞተሮች ይዘታቸውን እኩል ይጠቀሙበታል ማለት ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ተራ የቤንዚን ሞተር 20 ባር ይሰጣል የሚልዎት ሰው ካለ ቁጥሩን ይጠራጠሩ።

አሁን ደግሞ ከራስዎ ሥራ አንድ ጥያቄ ላንሳ። ኮምፕሬሽን መለኪያ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተው ሞተሩን በማስነሻው ያዞራሉ። ኮምፕሬሽን ሬሾው (አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ የሚያሳየው ቁጥር) 10 የሆነ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር 12 ወይም 13 ባር ያሳያል እንበል። መጽሐፉን ሲከፍቱ ግን ሌላ ቁጥር ያገኛሉ። 1 ባር የሆነ አየር አሥር እጥፍ ሲታመቅ፣ ሙቀት ካላጣ በስተቀር፣ 25 ባር መድረስ አለበት ይላል። የቀረው ግፊት የት ሄደ?

ይህን ጥያቄ ይዘው መጽሐፉን ያንብቡ። መልሱ በአንድ ምዕራፍ አያልቅም። መጀመሪያ ነገር፣ የመግቢያው ቫልቭ የሚዘጋው ፒስተኑ ታች ደርሶ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው። ስትሮኩ (የፒስተኑ ጉዞ ርዝመት) 86 ሚሊሜትር፣ ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) 150 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ቫልቩም ክራንክ ሻፍቱ ከታችኛው ጫፍ 50 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ቢዘጋ፣ በእውነት የሚታመቀው አየር ሬሾው 10 መሆኑ ይቀርና ወደ 8.8 ይወርዳል። ሁለተኛ፣ በማስነሻ ሲዞር ሞተሩ ቀርፋፋ ነው። አየሩ ሙቀቱን ለሲሊንደሩ ግድግዳ ለመስጠት፣ በፋሻው በኩልም ለማምለጥ ሰፊ ጊዜ ያገኛል። ሦስተኛ፣ መለኪያዎ የሚያሳየው ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ያለውን ነው፤ ስለዚህ 1 ባር ከስሌቱ ይቀነሳል። የመለኪያው ቱቦ ራሱ የሚይዘው አየርም አለ። አዩ? የቫልቭ ጊዜን፣ የሙቀት ማምለጥን፣ የጋዝ ማፈትለክን በእጅዎ በያዙት መሣሪያ ጀምረው ሊማሩ ይችላሉ። ይህ ዕድል ለብዙ ተማሪ የለም፤ እርስዎ ግን አለዎት።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያድርጉት። ከፑልክራቤክ ምዕራፍ 2፣ ከዚያ 3 ስለ ሞተር ዑደቶች፣ ከዚያ 7 ስለ ቃጠሎ። ምዕራፍ 3 ላይ ቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የሥራ ሳይንስ) ቢያስቸግርዎት ከማንኛውም የቴርሞዳይናሚክስ መግቢያ መጽሐፍ ሁለት ነገር ብቻ ይያዙ፦ የጋዝ ሕግንና የኃይል ሚዛንን። እነሱን ከያዙ ይበቃል፣ ወደ ሞተርዎ ይመለሱ። ሄይዉድን ደግሞ አይጣሉት። የመጀመሪያው እትም ምዕራፍ 15 ሞተር በተለያየ ፍጥነትና ጭነት እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ግራፍ የበዛበት ነው፤ ሞተር በእጁ የሚያውቅ ሰው ብዙ ይጠቀምበታል።

ሶፍትዌር ለጊዜው አያስፈልግዎትም። ኤክሴል ይበቃል።

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በቤንዚን ሞተር ሲሙሌሽን (ሞተሩን በኮምፒውተር አስመስሎ በማስላት) ላይ ነው። ጂቲ-ፓወር በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ዝግጁ ምሳሌዎችን ማስኬድ፣ ቁጥሮችን መቀየር፣ ግራፍ ማውጣት እችላለሁ። ውጤቴ ከተለካው ጋር እንዲገጥም የሙቀት ማስተላለፊያውን ማባዣ 1.4 አደረግሁት። አማካሪዬ «ለምን 1.4?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ሶፍትዌሩን ጠልቄ ልማር ወይስ ወደ መጽሐፍ ልመለስ?

መልስ፦ ልጄ፣ አማካሪሽ የጠየቀሽ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ጂቲ-ፓወር፣ ኤቪኤል ቡስት፣ ሪካርዶ ዌቭ፣ እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ሞተር ሲነድፉ ሲገለገሉባቸው የኖሩ ፕሮግራሞች ናቸው። በመግቢያና በመውጫ ቱቦዎች ውስጥ የሚሄደውን የግፊት ሞገድ ሳይቀር ያሰላሉ። ነገር ግን የሚሠሩት ሰው ከሚሰጣቸው ግምት ተነስተው ነው። ግምቱ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ሰው ውጤቱን ሊከራከርለት አይችልም። ስለዚህ መጽሐፍና ስሌት ይቅደሙ። ፕሮግራሙን ለጥቂት ሳምንታት ዝጊው።

በእነዚያ ሳምንታት የራስሽን የአንድ ሲሊንደር ሞዴል ጻፊ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይሁን በኦክቴቭ ግድ የለም። ሁለቱም ነፃ ናቸው። የፈርጉሰንና የከርክፓትሪክ «ኢንተርናል ኮምበስሽን ኢንጂንስ፦ አፕላይድ ቴርሞሳይንስስ» ለዚህ ሥራ የሚሆን መጽሐፍ ነው። ማትላብ በሚባለው የስሌት ሶፍትዌር የተጻፉ ፕሮግራሞች አሉት። ዝም ብለሽ እንዳትገለብጪያቸው ግን። አንብቢ፣ ዝጊ፣ ራስሽ ጻፊ።

የሲሊንደሩ የውስጥ ዲያሜትር 86፣ ስትሮኩም 86 ሚሊሜትር ይሁን። ይዘቱ 500 ሲሲ ገደማ ይመጣል። ኮምፕሬሽን ሬሾው 10 ከሆነ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ ስንት ነው? ብዙ ተማሪ 50 ሲሲ ይላል። መልሱ 55.5 ገደማ ነው። ሬሾው ጠቅላላውን ይዘት ለቀሪው ቦታ የማካፈል ውጤት ስለሆነ 500ን የምናካፍለው ለ9 ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ይህችን ሳያስተካክሉ ወደ ሲሙሌሽን የገቡ ግን ግፊታቸው ሁሉ የተዛባ ይሆናል።

መጀመሪያ ያለ ቃጠሎ አስኪጂው። ለእያንዳንዱ የክራንክ ሻፍት ዲግሪ ይዘቱን አስይ፣ ከዚያ ግፊቱን አስይ። የሙቀት ማምለጥ ካላስገባሽ ግራፉ ከላይኛው ጫፍ ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለበት፤ የመታመቅና የመስፋት መስመሮችም አንድ ላይ መተኛት አለባቸው። ካልሆነ ስህተት አለ፣ ወደፊት እንዳትሄጂ።

ከዚያ ነዳጁን አስገቢ። 500 ሲሲ ሲሊንደር በ1 ባርና በ300 ኬልቪን 0.58 ግራም ያህል አየር ይይዛል። ለቤንዚን ተመጣጣኙ የአየርና ነዳጅ ሬሾ 14.7 ነው። ስለዚህ በአንድ ዑደት የሚገባው ቤንዚን 0.04 ግራም ገደማ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን 44 ሜጋ ጁል አካባቢ ስለሚሰጥ፣ በየዑደቱ 1.7 ኪሎ ጁል ታገኛለሽ። ይህን ኃይል በምን ፍጥነት እንደምትለቂው የሚወስነው የቪቤ ፋንክሽን የሚባለው ቀመር ነው። ሁለት ቋሚዎች አሉት፤ ብዙ ጊዜ 5 እና 2 ተደርገው ይወሰዳሉ። 5 የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ቁጥር የቃጠሎው ጊዜ ሲያበቃ 99.3 ከመቶው ነዳጅ ተቃጥሏል ማለት ነው። ራስሽ አስልተሽ እይው።

አሁን የእሳቱን መነሻ በአምስት አምስት ዲግሪ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሺ። የሚገኘው ሥራ እያደገ ሄዶ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። አናቱ አካባቢ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ጥቂት ዲግሪ ብትስቺ ቶርኩ ብዙም አይቀንስም። ግማሹ ነዳጅ ከላይኛው ጫፍ 8 ወይም 10 ዲግሪ አልፎ ሲቃጠል ሞተሩ በጣም እንደሚመቸው በእውነተኛ ሞተሮች ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል። የአንቺም ሞዴል የሙቀት ማምለጥን ስትጨምሪበት ወደዚያው ይጠጋል። የመጀመሪያ ቀን ይህን በስክሪናቸው ላይ የሚያዩ ተማሪዎች ፊት ላይ የማየው ደስታ ልዩ ነው።

አንድ ነገር ግን ሞዴልሽ አያውቅም፦ ቃጠሎው ስንት ዲግሪ እንደሚፈጅ። ያንን የምትነግሪው አንቺ ነሽ። በደቂቃ 1500 ዙር ላይ በ1 ሚሊሰከንድ ክራንኩ 9 ዲግሪ ይዞራል። በ6000 ዙር ግን 36 ዲግሪ። ነበልባሉ በሁለቱም ላይ እኩል ፍጥነት ቢኖረው ኖሮ፣ በከፍተኛ ዙር ነዳጁ ተቃጥሎ ሳያልቅ የመውጫው ቫልቭ በተከፈተ ነበር። እንዲያ አይሆንም። ለምን? ዙሩ ሲጨምር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የአየር መናወጥም አብሮ ይጨምራል፤ ነበልባሉን ይሰባብረዋል፣ ያፋጥነዋል። የቤንዚን ሞተር በደቂቃ ብዙ ሺህ ዙር መዞር የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው። ይህን ጥያቄ ይዘሽ የሄይዉድን ምዕራፍ 8 እና 9 ክፈቺ። ያኔ 900 ገጹ አያስፈራሽም፤ የምትፈልጊውን ታውቂያለሽና።

ወደ 1.4 ልመለስ። ሙቀት ከጋዙ ወደ ግድግዳው በምን ያህል እንደሚሄድ ለማስላት ብዙ ፕሮግራሞች የቮሽኒን ቀመር ይጠቀማሉ፤ የ1967 ሥራ ነው። ቀመሩ የተገኘው ከሙከራ ነው፣ ለሁሉም ሞተር እኩል አይገጥምም። ስለዚህ ማባዣ መኖሩ ተገቢ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ወደ ሲሊንደሩ የገባው አየር በስሌትሽ ከመጠን በላይ ከሆነ፣ ግፊቱም ከመጠን በላይ ይሆናል። ማባዣውን ስታሳድጊ ግፊቱ ይወርድና ከተለካው ጋር ይገጥማል። ግራፉ ያምራል፣ ስህተቱ ግን ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ መጀመሪያ የአየሩን መጠን አስተካክዪ። ቀጥሎ ያለ ቃጠሎ የተለካውን ግፊት። ከዚያ ቃጠሎውን። ማባዣውን መጨረሻ ላይ ንኪው፤ ስትነኪውም የጭስ መውጫውን ሙቀት አብረሽ ተመልከቺ። ወደ ግድግዳው የሚሄደው ሙቀት ሲጨምር ጭሱ መቀዝቀዝ አለበት። የተለካው የጭስ ሙቀት ከዚያ ጋር ካልተስማማ 1.4 ትክክል አይደለም። ለአማካሪሽ የምትሰጪው መልስ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር በጣም ውድ ነው። ክራክ የተደረገ ቅጂ ጓደኛዬ ጋ አለ። ለመማር ብቻ ብጠቀምበት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አይጠቀሙ። የሰው ሥራ ነው፤ በዚያ የሠሩትን ውጤትም በስምዎ ማቅረብ አይችሉም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አያስፈልግዎትም። ለተማሪና ለትምህርት ተቋም ፈቃድ የሚሰጡ ኩባንያዎች አሉ፤ በትምህርት ክፍልዎ በኩል ይጠይቁ። ከዚያ ውጪ በነፃ የሚገኘው ራሱ ብዙ ነው። ኦፕንዋም በስፔን ቫሌንሲያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ በቱቦዎች ውስጥ ያለውን የጋዝ ፍሰት የሚያሰላ ክፍት ፕሮግራም ነው። ኦፕንፎም የፈሳሽና የጋዝ ፍሰትን በሦስት አቅጣጫ ያሰላል፤ ከባድ ነው፣ ለጀማሪ አልመክረውም። ካንቴራን ግን ሁሉም ሰው ቢሞክረው ደስ ይለኛል። በፓይተን የሚሠራ የኬሚስትሪና የቴርሞዳይናሚክስ መሣሪያ ነው። ከምሳሌዎቹ አንዱ ሞተር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ከካንቴራ ጋር የሚመጣው ጂአርአይ 3.0 የሚባለው የኬሚስትሪ ዝርዝር 53 ዓይነት ሞለኪውሎችና 325 ግብረ-ምላሾች አሉት። የተዘጋጀው ለተፈጥሮ ጋዝ ነው። በእሱ የቤንዚን ወይም የናፍጣ ቃጠሎ ማስላት አይቻልም። ፕሮግራሙ የሚሰጠው ውጤት የገባለትን ዝርዝር ያህል ነውና፣ ዝርዝሩ ለየትኛው ነዳጅ እንደተሠራ ሁልጊዜ ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ አንድ ዘመዴ የቴይለርን ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ሰጠኝ። የ1960ዎቹ ሥራ ነው። ዛሬ ሞተሩ ሁሉ በኮምፒውተር የሚመራ ሆኗል። ላንብበው ወይስ ጊዜው አልፎበታል?

መልስ፦ እባክዎ ያንብቡት! ቻርልስ ፋዬት ቴይለር በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የስሎን አውቶሞቲቭ ላቦራቶሪን የመራ ሰው ነው። ሄይዉድም በኋላ የመራው ያንኑ ላቦራቶሪ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ ስለ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ስለ ጋዝ ፍሰትና ስለ ሞተር አቅም ነው። ሁለተኛው ስለ ቃጠሎ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ቁሳቁስና ስለ ንድፍ።

ያረጀው ምኑ እንደሆነ ልንገርዎ። ነዳጅ አቀራረቡ የካርቡረተር ዘመን ነው። ስለ ጭስ ብክለት የሚለው ለዛሬ አይበቃም። የኮምፒውተር ቁጥጥር የለም። እነዚህን ከሄይዉድ ሁለተኛ እትም ወይም ከሪቻርድ ስቶን «ኢንትሮዳክሽን ቱ ኢንተርናል ኮምበስሽን ኢንጂንስ» 4ኛ እትም ይሙሉ። ስቶን መካከለኛ ነው፤ ከፑልክራቤክ ጠለቅ፣ ከሄይዉድ ቀለል ይላል።

ያላረጀው ግን የመጽሐፉ ዋናው ክፍል ነው። ቴይለር ሞተር ሲተልቅና ሲያንስ ምን እንደሚለወጥ የሚያስረዳበት መንገድ እስካሁን ይማርከኛል። ሁለት ሞተሮች ቅርጻቸው አንድ ሆኖ አንዱ በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ቢሆን፣ ይዘቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የፒስተኑ የላይ ፊት ስፋት (ኤሪያ) ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። አማካይ የፒስተን ፍጥነታቸው እኩል እንዲሆን ትልቁ በግማሽ ዙር መሄድ አለበት። ስለዚህ አማካይ ግፊታቸው እኩል ከሆነ ትልቁ የሚሰጠው አራት እጥፍ ኃይል ነው፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ። የመርከብ ሞተር ለምን በደቂቃ 100 ዙር አካባቢ እንደሚዞር፣ የሞተር ሳይክሉ ለምን ከ10,000 እንደሚያልፍ በዚህ ይገባዎታል። የሞተር ሳይክሉ ፒስተን እንደ መርከቡ ረጅም መንገድ አይሄድም።

ሲያነቡት ስትሮኩ 86 ሚሊሜትር የሆነ፣ በደቂቃ 6000 ዙር የሚዞር ሞተር ወስደው አማካይ የፒስተን ፍጥነቱን ያስሉ። በሰከንድ 17.2 ሜትር ይመጣልዎታል። ከዚያ የሚያውቋቸውን ሌሎች ሞተሮች፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ በዚያው መንገድ እያሰሉ ጎን ለጎን ይጻፏቸው። ዙራቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ የፒስተን ፍጥነታቸው ግን በጣም ይቀራረባል። ሰንጠረዡን ሲጨርሱ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።